ስለ ወርቅ ዲናር አሰባሰብ፤ ከቦዲቲ አንጻር የቀረበ ሂስ

ጥንታዊውን የእስልምና ወርቅ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አንዱን ዲናር ከሌላው የሚያበላልጡት በተቀረጸበት ዘመን፥ በወጣበት ከተማና በብርቅነቱ ነው። ከሊፋ ዐብዱልመሊክ በ77 ዓመተ ሂጅራ (696–697 እ.ኤ.አ.) ሥዕል የሌለበትን ዲናር በ4.25 ግራም ያህል ክብደት አወጣ፤ ለሰብሳቢው ይህን ማወቅ ይበቃዋል። የተገኘበትን ስፍራ ግን አጥብቆ አይጠይቅም። ጉድለቱም ከዚህ ይጀምራል።

አንቶኒዮ ሞርዲኒ በደብረ ዳሞ የኡመያና የአባስ ሥርወ መንግሥታት ገንዘብ፥ ከእነርሱም የሚቀድም ከ100 በላይ የኩሻን ወርቅ መገኘቱን ጽፏል። የእነዚህ ክብር የባሕር ማዶ ንግድ እስከ ክርስቲያን ገዳም መድረሱን መመስከራቸው ነው። ያው ዲናር ከገዳሙ ወጥቶ በባዕድ ሣጥን ቢገባ፥ ካይሮ ላይ ከተሸጠው በምን ይለያል?

የሐረር ነገር ከዚህም ይበልጥ ያስተምራል። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው በርተን የገበያውን ሒሳብ ሲያስረዳ፥ 22 ሙዝ አንድ መሐለቅ፥ 22 መሐለቅ አንድ አሽረፊ፥ 3 አሽረፊ አንድ ጠገራ ብር ነው ይላል፤ አሽረፊ ግን በስም ብቻ የቀረ ገንዘብ መሆኑን በአጭሩ ጠቅሶ ያልፋል። ሊቆምበት ይገባው ነበር። አሽረፊ በ1425 እ.ኤ.አ. የግብጹ ሱልጣን አል-አሽረፍ ባርስባይ ያወጣው ወርቅ ነው። ወርቁ ከገበያ ጠፍቶ ስሙ ሙዝ ሲያስቆጥር ኖሯል። ይህን ምስክር የሚይዝ ሣጥን ሰብሳቢው የለውም።

ቦዲቲ ያለችበት ወረዳ ዳሞት ጋሌ ይባላል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ ከዳሞት ወርቅ እንደሚመጣ ጽፏል፤ የወላይታም ትውፊት የዳሞቱን ንጉሥ ሞቶሎሚን የራሱ ያደርገዋል። (የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ እንዳይደለ አንባቢ ያውቃል።) ይሁን እንጂ ከ1894 እ.ኤ.አ. ዘመቻ በፊት ወላይታ የሚገበያየው ማርጩዋ በሚባል ብረት ነበር። በወርቅ ብቻ የሚፈርድ መዝገብ እንዲህ ያለውን አገር ገንዘብ እንዳልነበረው አድርጎ ይዘለዋል።

እንግዲህ በቦዲቲ እርሻ ዲናር ቢወጣ፥ አንጥረኛ ሳይመዝነው ማሳው፥ ጥልቀቱና አብሮት የተገኘው ገል ይጻፍ። ከአጠገቡም ማርጩዋ ቢገኝ፥ የምንጠይቀው ስለ ብርቅነቱ ሳይሆን አንዱ ወርቅ በስንት ብረት ይመነዘር እንደ ነበር ነው።