የባልደረባ ሂስ በማስተማሪያ ፕሮጀክት ዕቅዶች ላይ

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ እያንዳንዱ መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ይጠይቃል። ሥራው በትንተና፣ በዕቅድ፣ በትግበራና በግምገማ ዑደት የሚመራ ሲሆን፣ መምህሩ ዕቅዱንና ውጤቱን በሙያ ማኅደሩ ያኖራል። ባልደረቦች እርስ በርስ እንዲመካከሩ መጠየቁ የማዕቀፉ ብርቱ ጎን ነው። ደካማ ጎኑ ግን ያንኑ ማኅደር የመማሪያም የመመዘኛም ሰነድ ማድረጉ ነው።

ሁለቱ አገልግሎቶች በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ፣ አስተያየት ሰጪው የሚጽፈው ጉድለት የባልደረባውን የደረጃ ዕድገት የሚያሰናክል ይመስለዋል። ስለዚህ «ጥሩ ነው፤ ይቀጥል» ብሎ መፈረም ይቀለዋል። ይህም ከይሉኝታ ብቻ የመነጨ አይደለም። በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ይካሄድ የነበረው «ሂስና ግለ ሂስ»፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የተስፋፋው «ግምገማ»፣ በሰው ፊት ጉድለትን መናገር መክሰስ ነው የሚል ስሜት አሳድረዋል።

ፍሬ ያለው አስተያየት ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና አካባቢ የሚያስተምር አንድ የ5ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ ተማሪዎቹ ቤተሰባቸው በሳምንት የሚጠቀመውን ውሃ ለክተው አስርዮሽ ቁጥሮችን እንዲደምሩ የሚያደርግ ፕሮጀክት አቅዷል እንበል። «ዕቅዱ ደካማ ነው» ማለት ሰውየውን ይነካል እንጂ ዕቅዱን አያርምም። «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ልኬቱ እንዴት ይመዘገባል? በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻ የሚቀዳ ቤተሰብ ልጅ አስርዮሽ ቁጥር ከየት ያገኛል?» የሚለው ጥያቄ ግን መምህሩን ወደ ዕቅዱ፣ ዕቅዱንም ወደ ተማሪው ይመልሳል።

ተቀባዩም ድርሻ አለው። የተጠራጠረበትን ነጥብ አስቀድሞ ለይቶ ሊያቀርብ፣ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን አስተያየትም ከነምክንያቱ ሊጽፍ ይገባዋል። ሂስ ትእዛዝ አይደለምና የመጨረሻው ውሳኔ የዕቅዱ ባለቤት ነው።

ከዕቅድ አውጪዎች የሚጠበቁት እርምጃዎች ሁለት ናቸው። አስተያየቱ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት፣ ለማሻሻል ጊዜ ሳለ ይሰጥ፤ በረቂቁ ላይ የሰፈረውም ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ውጭ ይሁን። ሱፐርቫይዘሩ ማስረጃ ያጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ የተሻሻለው ዕቅድና የተማሪዎቹ ሥራ ከማንኛውም ፊርማ የበለጠ ማስረጃ ናቸው። በምስጋና ብቻ የተሞላ ማኅደር የተማሪውን ስሕተት እንደ ነበረ ይተወዋል።