መካነ ሥላሴና ሁለቱ ምስክሮች

ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው በጥንቱ የቤተ አምሐራ ምድር፥ ዓፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው ዓፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ስላቃጠለው፥ ስለ ሕንፃው ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከሁለት የውጭ አገር ሰዎች መጻሕፍት ነው። አንደኛው በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ሁለተኛውም ዐረብ ፋቂህ የተባለው የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ነው። የተቃጠለውን ለማወቅ የአቃጣዮቹን ወገን መጠየቅ ግድ ሆነብን!

የዐረብ ፋቂህ ብዕር ብርቱ ነው። ኢማሙ ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ የወርቁ ነጸብራቅ ዓይኑን ሊያጠፋው እንደ ደረሰ፥ እንዲህ ያለ ሕንፃ በሌላ አገር ይገኝ እንደ ሆነ ተከታዮቹን እንደ ጠየቀ፥ ወታደሮቹም ወርቁን በመጥረቢያ እንደ ላጡት ሲተርክ አንባቢውን አስደንግጦ ይይዛል። ነገር ግን መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ በልብ የሚቀረው ወርቁ ብቻ ነው።

የአልቫሬዝ አጻጻፍ ደረቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ያሰለቻል። ይሁን እንጂ ግድግዳው የተጠረበ ድንጋይ መሆኑን፥ ውስጡ በሦስት ረድፍ መከፈሉን፥ ዋናው ደጅ በብረታ ብረት ቅጠል መለበጡን፥ በዙሪያውም ረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች መቆማቸውን ይነግረናል። ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፥ ቅድስቱም መቅደሱን እንደ ቀለበት ከሚከቡበት፥ በገጠር አዘውትረን ከምናየው ክብ ቤተ ክርስቲያን ይህ የተለየ ሥራ እንደ ነበረ የምንረዳው ከዚሁ ደረቅ ቃል ነው። ስለዚህ እኔ የምፈርደው ለቄሱ ነው።

የእኛ የደብር ታሪክ ጸሐፊዎች ግን፥ ሳያነቡትም ቢሆን፥ የዐረብ ፋቂህን መንገድ ይከተላሉ። የተከለውን ንጉሥ፥ የተሰጠውን ጉልት፥ የወርቁን መስቀል ክብደት ይጽፋሉ፤ ግድግዳው በምን እንደ ተሠራ፥ ጣራውን ምን እንደ ተሸከመው አይጽፉም። አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ በስሚንቶና በቆርቆሮ አዲስ ሲሠራለት፥ የጥንቱ መልክ ከሽማግሌዎች ጋራ ይቀበራል።

የሳይንትና የቦረና ካህናት ሆይ፥ የጥንቱ ሥራ ባልፈረሰበት ደብር ሁሉ ደጁን በክንድ ለክታችሁ፥ ምሰሶውን ቆጥራችሁ፥ የእንጨቱን ዓይነት ጠይቃችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉ። ቅኔ አይሻም።