ፎርማት ይደረግ!

ስለ ኮምፒውተር ብልሽት ስናወራ አማርኛችን አይነጥፍም። «እምቢ አለ»፣ «ተኛ»፣ «ለገመ»፣ «አልነሳም አለ» እያልን የሰውንም የበቅሎንም ግሥ ለሳጥኑ እንሰጠዋለን። ምርመራው ላይ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ቃል ያልቅና አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ትቀራለች፤ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ!»

ይህችን ዐረፍተ ነገር አዲስ አበባም፣ ደብረ ብርሃንም፣ መሐል ሜዳም ሰምቻታለሁ። የዛሬው ሒሴ በእሷ ላይ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን «ከመተርጎማችሁ በፊት አንብቡ» እያልሁ አሰለቻቸው ነበር። የማይነሳ ኮምፒውተርም እኮ ብዙውን ጊዜ ዝም አይልም፤ ይጽፋል፣ ይጮኻል። እስቲ «ስክሪኑ ላይ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሰማያዊ ሆነ» ወይም «የሆነ እንግሊዝኛ አመጣ» ይሏችኋል። ጽሑፉን ትተን ቀለሙን እናነባለን።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዊንዶውስም የአማርኛ ገጽታ ከወጣለት ቆይቷል። ዳሩ ግን አማርኛው የሚመጣው ማሽኑ በደህና ከተነሳ በኋላ ነው። ሳይነሳ ሲቀር የሚናገረው ባዮስ የሚባለው፣ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነቃው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። በደህናው ቀን በአማርኛ ያጫውተንና በጭንቁ ቀን በእንግሊዝኛ ይጮኽብናል። እንግሊዝኛውም ቢሆን የሚያኮራ አይደለም። «ኪቦርድ አልተገኘም፤ ለመቀጠል ኤፍ ዋንን ይጫኑ» የሚለውን መልእክት ያየ ሰው የት ላይ እንደሚጫነው ይጨነቅ! «ኤንቲኤልዲአር ጠፍቷል» ሲል ደግሞ ሰው ዊንዶውሱ ያለቀለት ይመስለዋል፤ በድሮዎቹ ማሽኖች ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተሰክቶ የተረሳ ፍሎፒ ወይም ፍላሽ ነበር። መንቀልና እንደገና ማስነሳት ብቻ።

መንዝና ግሼ ላይ ደግሞ አገሩ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ። የብዙ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው፤ የዲስኩ ማንበቢያ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ስለሚንሳፈፍ አየሩ ሲሳሳ ይቸገራል። መሐል ሜዳ እዚያው ወሰኑ ላይ ናት፤ የጓሳ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። መመሪያውን የጻፈው ሰው መንዝን አላሰባትም ማለት ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ገደማ በመሆኑ ማቀዝቀዣው የሚነፋው የሳሳ አየር ነው። በዚያ ላይ «ብርዱና አቧራው እንዳያገኘው» ተብሎ እየሠራ ሳለ ባና የሚደረብለት ኮምፒውተር አይቻለሁ። የመንዝ ባና ለሰው እንጂ ለማሽን አልተሠራም።

የብርዱ ነገር ከዚህም ይብሳል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሲያረጁ ቅዝቃዜ ያደክማቸዋል። ጠዋት እምቢ ያለው ማሽን ፀሐይ ሞቅ ስትል ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ሌላም አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የድሮዋን አምስት ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። መብራት በጠፋ ወይም ማታ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱን ብቻዋን የምትሸከመው እሷ ናት፤ መብራት በሚመላለስበት አገር ቶሎ ትደክማለች። ስትሞት ማሽኑ በየጠዋቱ ኤፍ ዋን እያለ ይቆማል፣ ቀኑም ወደ ኋላ ይመለሳል። (ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲመለስ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የሚመስለው የቢሮ ኃላፊ አይጠፋም።) ከዚህ ሁሉ አንዱም በፎርማት አይድንም።

ነገሩ ቀልድ ያልሆነበትን ቦታ ልንገራችሁ። መንዝ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት፣ የሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋ የአራት ዓመት የተማሪ ውጤት ኮምፒውተር ላይ ይዛለች። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ይነሳል። ባለሙያ ተጠራ። ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ፎርማት አደረገው፣ ተነሳ፣ ሒሳቡን ተቀበለ።

«ውጤቱስ?» አለችው።

«የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ዴስክቶፕ ላይ ነዋ!»

«እትዬ፣ ታዲያ ዲ ላይ አያስቀምጡም ነበር?»

ዴስክቶፕ የሚባለው ሲ ውስጥ ነው፤ ሲ ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የተጠየቀው ግን ከቀብር በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑ እንደ ልማዱ እምቢ አለ።

ልጁን ክፉ ነው አልልም። ለመረመረና ለጠየቀ የሚከፍል ቢሮ አላየሁም፤ የሚከፈለው ማሽኑን አስነስቶ ላሳየ ነው። ለማስነሳት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ካለው ፍላሽ የፈጠነ መንገድ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው የራሱ አልነበረም። ወጌሻ እንኳ አጥንት ከመሳቡ በፊት በጣቱ ይዳስሳል፣ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ይላል። እዚህም መዳሰስ ይቻል ነበር፤ መቼ መቼ ነው እምቢ የሚለው? መብራቱ ይበራል? ማቀዝቀዣው ይዞራል? ስንቴ ይጮኻል? ማሽኑ በመኪና ተጭኖ ከነበረ ሜሞሪው ከቦታው ተነቃንቆ ይሆን? ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ መልሶ መሰካት ገንዘብ አይጠይቅም። ዊንዶውሱ በእርግጥ ተበላሽቶ ቢሆን እንኳ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ፋይሉን አስቀድሞ መገልበጥ ይቻላል። «ጠዋት ጠዋት ብቻ» የምትለው የሠራተኛዋ ቃል ከሁሉም ምልክት የበለጠች ነበረች፤ የሰማት ግን አልነበረም።

በኋላ ፓወር ሰፕላዩ ከሌላ የሞተ ኮምፒውተር በተነቀለ ተቀየረ፤ ማሽኑ አሁን በማለዳ ይነሳል። ሠራተኛዋም ከወረቀት ሮስተር ላይ ውጤቱን እንደገና መጻፍ ጀምራለች። የሁለቱ ዓመት ሮስተር ተገኝቷል። የሁለቱን ግን ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ዝናብ አግኝቶት፣ ቀለሙ ከወረቀቱ ወርዷል።