ከግሡ የሚቀድም ሙዚቃ

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የወጣቶች ጉባኤ ላይ፣ በኪቦርድ ታጅቦ በቃል የሚቀርብ ግጥም በመዝሙርና በስብከት መካከል ቦታ እያገኘ መጥቷል። አቀራረቡ የአዲስ አበባውን ግጥም በጃዝ ያስታውሳል፤ ይህ በራሱ ነቀፋ አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ያው ግጥም ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሲደርስ የሚያገኘው ጆሮ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ጎንጅና ዋሸራ ከወሎው ዋድላ ጋር የሚጠሩ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ተማሪው ቅኔውን ያለ ወረቀት በልቡ ይቆጥራል፤ ለመምህሩም በቃሉ ይሰጣል፤ ስሕተት ካለበት እዚያው ይታረማል። በማሕሌት ደግሞ ቅኔው ከዳዊት መዝሙር ጋር ተያይዞ ይመጣል፦ ሚበዝኁ ከመዝሙር 3፣ ዘአምላኪየ ከመዝሙር 62 (በእኛ ቍጥር 63)። ዜማ አለው፤ ዜማው ግን ለቃሉ ያገለግላል። በአስተምህሮ የምንለያይበት ብዙ ነው፤ በዚህ አካባቢ ያደገ ሰው፣ ቅኔ ቤት ባይገባም እንኳ፣ ሰምና ወርቅ የሚጠብቅ ጆሮ ይዞ ወደ ጉባኤያችን እንደሚመጣ ግን መርሳት የለብንም።

የኛ ግጥም ለዚህ ጆሮ ምን ይሰጠዋል? አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ሰሚው እስከዚያ ይጠብቃል፤ ዳኝነቱ፣ ምስጋናው፣ ንስሐው በግሡ ይታወቃል። ኪቦርዱ ግን ግሡ ሳይደርስ ከፍ ብሎ «አሁን አልቅሱ» ይላል። የወል ቤት ከስድስተኛው ቀለም በኋላ የሚሰጠው ትንሽ ዕረፍት ሐሳብ የሚብላላበት ቦታ ነበር፤ የማይቋረጠው ድምፅ እሱንም ይሞላዋል። ከሁሉ የሚከፋው የቅኝት ምርጫ ነው። ስለ ትንሣኤ የተጻፈ ግጥም ሥር የትዝታ ቅኝት ከተነጠፈ፣ ጉባኤው የሚሰማው ያለፈ ነገር ናፍቆት ነው። ግጥሙ «ተነሥቷል» ሲል ሙዚቃው «ሄዷል» ይላል።

ሙዚቃ ልብን ያለሰልሳል የሚሉ ወገኖች 1ኛ ሳሙኤል 16ን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ሳኦል በዳዊት በገና ዐረፈ። ነገር ግን በምዕራፍ 18 ያው ዳዊት እየደረደረ ሳለ ጦር ተወረወረበት። ማረፍና መለወጥ ለየቅል ናቸው። በ2ኛ ነገሥት 3 ኤልሳዕ በገና ደርዳሪ ያስጠራል፤ በገናው ሲደረደር የእግዚአብሔር እጅ በነቢዩ ላይ ይሆናል፣ ቃሉም ይከተላል። ጽሑፉ በገናው ከትንቢቱ ሥር መቀጠሉን አይነግረንም፤ ከዚህ ሕግ ማውጣት ባይቻልም ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 የዋሽንትንና የክራርን ምሳሌ የሚያነሣው ድምፁ ተለይቶ ካልታወቀ ሰሚው ምንም አይረዳም ለማለት ነው።

ከአጠናኑም ችግር አለ። ብዙ ወጣቶች ግጥሙን የሚይዙት ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር ነው። ስንኙ ከሐሳቡ ይልቅ ከኪቦርዱ ድምፅ ጋር ስለሚታሰር፣ መብራት በጠፋ ቀን ግጥሙም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ በጸጥታ ይጠና፤ ሙዚቀኛውም ቃሉን አስቀድሞ ያንብብ፣ የት ዝም እንደሚል ከገጣሚው ጋር ይስማማ። (ዝም ማለት ለኪቦርድ ተጫዋቾቻችን እጅግ ከባዱ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም።)

መጋቢውም ግጥሙን ከፕሮግራሙ በፊት ያለ አጃቢ ይስማው። ከዚያም ወጣቱን የትኛውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይዞ እንደጻፈው ይጠይቀው፤ መልስ ካጣ ግጥሙ ለሌላ እሑድ ይቆይ።