ጉልቻው ሲለወጥ፦ ስለ ወይዘሮ ያስሚን ላሪ ምድጃና ቤት

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ሰምተን አድገናል። የፓኪስታን የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት ወይዘሮ ያስሚን ላሪ ግን ጉልቻውን ለውጠው የምታበስለዋን ሴት ዓይንና ሳንባ ማዳን እንደሚቻል አሳይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1941 የተወለዱት ወይዘሮ ላሪ በመጀመሪያ ስም ያተረፉት በካራቺ በሲሚንቶ፣ በብረትና በመስተዋት በሠሯቸው ትልልቅ ሕንፃዎች ነው። በ2000 የግል ሥራቸውን ተዉ። የ2005ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ ገጠር ከወሰዳቸው ወዲህ ግን ቀርከሃ፣ ጭቃና ኖራ ይዘው ቀሩ። በ2023 ከእንግሊዝ አርክቴክቶች ማኅበር የንጉሣዊውን የወርቅ ሜዳልያ ተቀበሉ። በ2025 ደግሞ የአገራችንን የዎልፍ ሽልማት በጋዛ ጦርነት ምክንያት አልቀበልም ብለዋል። ይህ ለብዙዎቻችን የሚመር ነው፤ ቢሆንም ምድጃቸውን በዚህ አንመዝንም።

ምድጃው ከጭቃና ከኖራ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ የሚሠራ፣ የጭስ መውጫ ያለው ነው። ጎርፍ በቀላሉ አይደርስበትም፤ የሚድህ ሕፃንም እሳት ውስጥ አይገባም። የሠለጠኑ የመንደር ሴቶች ለጎረቤት እየሠሩ ጥቂት ገንዘብ ያገኙበታል፤ ባለቤቲቱም በገዛ እጇ ለቅልቃ ታስጌጠዋለች። በ2018 የዓለም የመኖሪያ ሽልማት ተሰጥቶታል። በጎንደር መንደሮች የእናቶቻችን ዓይን በጭስ ሲቀላ ላየን ለኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ የምንወደው ግን ቀደም ያለ ሥራቸውን ነው። በ1970ዎቹ በላሆር አንጉሪ ባግ ለድሆች መኖሪያ ሲነድፉ፣ ሴቶቹ ዶሮዎቻችንን የት እናድርግ ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም ሰምተው ለዶሮና ለአትክልት የሚሆን ክፍት ሰገነት ሠሩ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሆነን ስንመጣ፣ እኛ በገባንበት የካራቫን ሰፈር እናቶቻችንን እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀ አልነበረም። ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ እጆች በቆርቆሮ ግድግዳ መካከል ሥራ ፈትተው ተቀመጡ።

ነቀፌታም አለን። የጭቃ ቤት ከክረምት በኋላ እንደገና መመረግ ይፈልጋል። እበቱንና ጭዱን የሚያቦካው የማን እጅ እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ፤ የሴት ነበር። የወይዘሮ ላሪ ኖራ ግድግዳውን ከውኃ ስለሚጠብቀው ሸክሙን ያቀላል እንጂ አያስቀርም። ቤቱ አየር አይበክልም እያሉ የሚያሞግሱት ጸሐፊዎች ግን የጭሱን እንጂ የሴቲቱን ድካም ሲቆጥሩ አላየንም።

በኦሪት ዘጸአት ድንኳኑን የሠራው ባስልኤል በስሙ ተጠርቷል፤ የፍየሉን ጠጉር የፈተሉት ሴቶች ግን ስማቸው አልተጻፈም። በሜዳልያውም ላይ ያለው የአንዲት ሴት ስም ነው። ስለ ወይዘሮ ላሪ ሥራ ወደፊት መጽሐፍ ወይም ትርኢት የሚያዘጋጁ ሁሉ ከያንዳንዱ ምድጃ ፎቶግራፍ ሥር የሠራችውን ሴት ስም ከነመንደሯ ቢጽፉልን እንወዳለን።