የወንዙ ፀጥታና የሠዓሊው ድካም፤ ስለ ሌቪታን «ምሽት፤ ወርቃማው ፕልዮስ»

ሰው የማይታይበት፣ ውሃና ሰማይ ብቻ ተዘርግተው የሚታዩበት ሥዕል ለኅብረተሰቡ ምን ይፈይዳል? ይህ ጥያቄ በኪነ ጥበብ ውይይቶች ላይ ደጋግሞ ይነሣል። በተለይም እንደ ሀዋሳ ኑሮዋን በሐይቅ ዳር ለመሠረተች ከተማ ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ነው፤ በዚያ ብሩሽ የሚያነሣ ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ርእስ ውሃው ነውና። ስለዚህም ከዚሁ ዓይነት ሥዕሎች አንዱን፣ ይኸውም ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢሳክ ሌቪታን በ1889 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሠራውን «ምሽት፤ ወርቃማው ፕልዮስ» በጥሞና መመርመር ይጠቅማል።

በሞስኮው ትሬትያኮቭ ጋለሪ የሚገኘው ይህ የዘይት ቀለም ሥዕል ቁመቱ 84 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወርዱ ደግሞ 142 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አግድም መርዘሙ ብቻውን የወንዙን ስፋት ለዓይን ያስገነዝባል። ሠዓሊው ከኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ይመለከታል። ከግርጌ በጥላ የተዋጠ ለምለም ቁልቁለት አለ፤ ከሥሩ በስተግራ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ከነደወል ማማዋ፣ አጠገቧም ጣሪያው የቀላ ነጭ ቤት ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ ቮልጋ በዝግታ ይዘረጋል። የሩቁ ዳርቻ በስሱ ጉም ውስጥ እየደበዘዘ ከሰማዩ ጋር ይዋሐዳል፤ ውሃውና ሰማዩም አንድ ወርቃማ ብርሃን ይጋራሉ። ቀዩን ጣሪያ በእጅ ሸፍኖ ሥዕሉን ለሚመለከት፣ ያ ሁሉ ወርቅ ባዶ ይሆንበታል። በሰፊው ተፈጥሮ መካከል የሰው ልጅ መኖሪያውን መሥራቱን የምትመሰክረው ያች ትንሽ ቀይ ነቁጥ ናት።

ይህ ፀጥታ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1860 ከድኻ አይሁዳዊ ቤተ ሰብ የተወለደው ሌቪታን፣ በወጣትነቱ ወላጆቹን አጥቶ በችግር እየተንገላታ በሞስኮ የሥዕል ትምህርት ቤት ከሳቭራሶቭና ከፖሌኖቭ ተማረ። በ1879 አይሁዳውያን ከሞስኮ እንዲወጡ ሲታዘዝ እርሱም ከተማዪቱን ለመልቀቅ ተገደደ። በ1887 ወደ ቮልጋ የተጓዘው ሌቪታን ብርድና ዝናብ ስለ ገጠመው ቅር ብሎት ተመለሰ፤ ወንዙም ደስታ የራቀው መሰለው። ይሁን እንጂ በ1888 እንደ ገና ሄደ፤ ፕልዮስ የተባለችውን ትንሽ ከተማ አገኘ፤ በተከታታይ ሦስት ዓመታት ሞቃቱን ወራት በዚያ እየሠራ አሳለፈ። በ1892 ደግሞ ዳግመኛ ከሞስኮ እንዲወጣ ተደረገ። እንግዲህ ያን ሁሉ ሰላም በሸራ ላይ ያሰፈረው ለመኖሪያው እንኳ ዋስትና ያልነበረው ሰው ነው።

ኢልያ ሬፒን ከ1870 እስከ 1873 በሠራው «የቮልጋ ጀልባ ጎታቾች» በዚሁ ወንዝ ዳር የሰውን ልጅ ላብና ምሬት አሳይቷል። ሁለቱን ሥዕሎች ያስተያየ ሰው፣ ሬፒን እውነቱን ሲናገር ሌቪታን ሸሸገው ሊል ይችል ይሆናል። በርግጥ የፕልዮስ ነዋሪ እንዴት ውሎ እንደሚያድር ወርቃማው ምሽት አይነግረንም፤ የሥዕሉ ወሰን ይህ ነው። ነገር ግን ሌቪታን በ1892 «ቭላዲሚርካ»ን ሠራ። በዚህ ሥዕል ከአንዲት ትንሽ መንገደኛ ሴት በቀር ሰው የለም፤ ሆኖም እስረኞች ወደ ሳይቤሪያ ይነዱበት የነበረው ባዶ ጎዳና ከደመናው ሥር ተዘርግቶ የግዞትን ታሪክ ይናገራል። መሬትንና ሰማይን ማናገር የቻለው በፕልዮስ ወራት ፀጥታን አጥንቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሩሲያ የአሣሣል ትምህርት ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። እሸቱ ጥሩነህ በሞስኮ፣ ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ ተምረዋል። ታደሰ ከዚያ ያገኘውን ዕውቀት ይዞ በገበያ የሚቆሙ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን የሥራው ዐምድ ማድረጉ፣ ትምህርትን ወደ አገር መልክ የመመለስ ምሳሌ ነው።

ለሀዋሳ ሠዓሊም ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከተማዪቱ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትጠልቀው ከተመልካቹ ፊት ለፊት፣ ከውሃው ባሻገር ነው። ይህም የሌቪታንን ምሽት እንዳለ ለመቅዳት ይገፋፋል። ዳሩ ግን ፕልዮስ ወደ ሰሜን እጅግ የራቀች በመሆኗ በሞቃቱ ወራት የምሽቱ ብርሃን ቶሎ አይጠፋም፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7ኛው ዲግሪ አካባቢ ባለችው ሀዋሳ ግን ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ቮልጋ መንገዱን ይቀጥላል፤ የሀዋሳ ሐይቅ ግን ጥቁር ውሃን ተቀብሎ በገጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። በአሞራ ገደል ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውንና መረባቸውን ይዘው ይሠራሉ። የዚህ ውሃ ፀጥታ በሥራ የተከበበና ፈጥኖ የሚያልፍ ነው፤ ቀለሙም ችኮላውን ሊያውቅ ይገባዋል።

ለማስታወሻ በሚሸጡ ሥዕሎች ላይ ዘወትር የሚታየው ደም የመሰለ ጀምበርና የታንኳ ጥላ ይህን ፍለጋ አይተካም። የሥዕል መምህራን ተማሪዎቻቸውን በልዩ ልዩ ሰዓትና ወራት ወደ አንዱ ዳርቻ ቢመላልሷቸው፣ ሌቪታን በፕልዮስ ያደረገውን በሀዋሳ እንዲያደርጉ ያስችሏቸዋል። ያን ጊዜ በሐይቁ ሥዕል ላይ ሰው ባይታይም እንኳ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ሥዕሉን የራሴ ነው ይለዋል።