ጆ ፒት ወዴት ገባ?

የቶኒ ኩሽነር ተውኔት «መላእክት በአሜሪካ» የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሬገን ዳግመኛ በተመረጡ በዓመቱ ነው። ጆና ሉዊስ የሚዋደዱ ወንዶች ናቸው፤ ነገር ግን ጆ ሬገንን ሁለት ጊዜ የመረጠ ሪፐብሊካን፣ ሉዊስ ደግሞ (ከመጠን በላይ ተናጋሪ!) ግራ ዘመም ነው። ኤድስ ብዙዎችን በሚገድልበት ዘመን ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ሉዊስ፣ ጆ በዳኛው ስም ያረቀቃቸውን ፍርዶች አንብቦ ሲሞግተው ጠቡ በጡጫ ያበቃል። እስከዚህ ድረስ ደራሲውን እናመሰግናለን።

ቅር ያሰኘን ፍጻሜው ነው። ከሁሉ የከፋው ሮይ ኮን እንኳ ሲሞት ሉዊስ የአይሁድን የሙታን ጸሎት ደግሞለታል። በ1990 በሚሆነው መዝጊያ ትዕይንት ግን አራት ሰዎች በምንጩ አጠገብ ሲጨዋወቱ የጆ እናት አለች፤ ጆ የለም። ደራሲው ለሞተው ጠላት የሰጠውን ለሕያው ተቃዋሚ ለምን እንደነፈገ፣ ከተውኔቱ ውስጥ ምክንያት አላገኘንም።